ውኃ ይለያል፣ አለት ይሰጣል፦ የኖም ዳርቻ ወርቅና የአዊ ዞን ጥቁር አሸዋ

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ከበረዶ ግግር ደለል በተፈጠረ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ወርቅ የሚከማችበትን ሂደት በአላስካዋ ኖም ምሳሌነት ያብራራል። ከዚያም ሂደቱ በአዊ ዞን ለሚደረግ የወርቅ አሰሳ ያለውን ትምህርት ይመረምራል። ዋና ሐሳቡ አንድ ነው፤ ደለል ወርቅ እንዲገኝ ምንጭ አለት፣ ተሸካሚ ኃይልና ለይቶ አከማቺ ውኃ በአንድነት መገኘት አለባቸው።

የኖም ምሳሌ

በኖም አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1898 በአንቪል ጅረት፣ በ1899 ደግሞ በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ ወርቅ በመገኘቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ስፍራው ጎረፉ። ወርቁ መጀመሪያ የነበረው ከከተማዋ በስተሰሜን በሚገኙት ኮረብቶች፣ በጥንታዊ ዝቃጭ መሰል ልውጥ አለቶች ውስጥ ነው። የበረዶ ግግር አለቱን ፈጭቶ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ሜዳ አወረደው። በረዶ ግን እንደ ውኃ ከባዱን ከቀላሉ አይለይም፤ ቋጥኙን፣ አሸዋውንና ሸክላውን አደባልቆ ያራግፋል። ስለዚህ በበረዶው ደለል ውስጥ ያለው ወርቅ በአመዛኙ የተበታተነ ነበር።

የመለየቱን ሥራ የፈጸመው ማዕበል ነው። የወርቅ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ሲሆን የኳርትዝ 2.65 ነው። ማዕበሉ ቀላሉን ማዕድን እየጠረገ ሲወስድ ወርቁ ከማግኔታይትና ከጋርኔት ጋር በቀጭን ንጣፍ፣ ብዙ ጊዜም በሸክላ ላይ ቀረ። የባሕሩ ወለል በጥንት ዘመን ከዛሬው ከፍ ባለበት ወቅት የተፈጠሩ ዳርቻዎችም ዛሬ ከጠረፉ ወደ ውስጥ ርቀው በደለል ተቀብረው ይገኛሉ።

ጥቁር አሸዋ በአዊ

የአዊ ዞን ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ያለው ገጽታ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ የዘንገና የእሳተ ገሞራ ሐይቅና በአካባቢው የሚታዩት የቀይ አሸዋ ኮረብቶች የዚሁ ምስክር ናቸው። ባዛልት ሲበሰብስ ማግኔታይትና ኢልመናይት ይለቃል፤ ጎርፍም እነዚህን ከባድ ማዕድናት በወንዝ መታጠፊያዎች ላይ ያከማቻል። የማግኔታይት እፍግታ 5.2 ገደማ በመሆኑ በገበቴ ሲታጠብ ከሥር ይቀራል። በኖም የወርቅ ጓደኛ የሆነው ጥቁር አሸዋ በአዊ የባዛልት ልጅ ነው። ያልተለወጠ ባዛልት የሚይዘው ወርቅ በቢሊዮን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ማጠቢያው ምንም ቢበረታ ከሌለ ምንጭ ደለል ወርቅ አይገኝም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከአዊ በስተምዕራብ፣ ወደ መተከል ቆላ ሲወረድ ነው። በዚያ የባዛልቱ ሽፋን ተሸርሽሮ ጥንታዊው መሠረት አለት ገጽ ላይ ይታያል፤ ባህላዊ ወርቅ አምራቾችም በወንዞች ደለል ላይ ይሠራሉ። ከአዊ ደጋ የሚወርድ ወንዝ መሠረት አለቱን እስኪያገኝ ድረስ የሚሸከመው የባዛልት ፍርስራሽን ነው። ስለሆነም በቆላው ደለል ውስጥ ወርቅ መገኘቱ የደጋው አለት ወርቅ አለው ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

በረዶ ብቻውን አይበቃም

በሰሜንና በባሌ ተራሮች የጥንት በረዶ ግግር አሻራ አለ፤ ይሁን እንጂ የተሸረሸረው በአመዛኙ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። በትግራይ ግን የእዳጋ ዓርቢ የፓሊዮዞይክ ዘመን የበረዶ ደለል በብዙ ቦታ በቀጥታ በመሠረት አለት ላይ ያረፈ ሲሆን፣ የሰሜን ኢትዮጵያ መሠረት አለትም ወርቅ ያዥ ክፍሎች አሉት። የኖምን ሂደት በአገራችን ለመፈተሽ የሚሻ ተመራማሪ ከዚያ ቢጀምር ይቀናዋል።

መደምደሚያ

ጥቁር አሸዋን ብቻ እንደ ወርቅ ምልክት መቁጠር ማሳን በከንቱ ያስቆፍራል፣ ጅረትንም ያደፈርሳል። በአዊ የሚሠራ ተማሪ ናሙናውን በማግኔት ከለየ በኋላ ጠጠሩን ይመርምር። የኳርትዝ ሥርና የሺስት ስብርባሪ ካላገኘ፣ ከገበቴው በፊት የአለት ካርታውን ይግለጥ።