ባትላሜራና ፊዚክስ፦ የአሮጌ መኪና አካል ጥገና

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ቁልቁለት ለሚያውቅ አንባቢ፣ በሩ የተሰረጎደ ወይም መከላከያው የተጣመመ አሮጌ መኪና እንግዳ አይሆንበትም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ ማቆየት ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የባትላሜራ ባለሙያ በመዶሻና በእሳት የሚሠራውን ሥራ ከፊዚክስ አንጻር እንመለከታለን። (ቃሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሲሆን ላሜራ ቀጥቃጭ እንደ ማለት ነው።)

ለምሳሌ ያህል ለረጅም ዓመታት የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ያገለገለችውን ላዳን እንውሰድ። ከፊያት 124 የተቀዳችው ይህች መኪና መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የውጭ አካሏ ካርቦኑ አነስተኛ ከሆነ ብረት የተሠራ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ላሜራ ነው። እንዲህ ያለው ብረት ርዝመቱ ከሺህ አንድ እጅ ያህል እስኪጨምር ድረስ ቢሳብ፣ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ ለውጡ ቋሚ ይሆናል። በአንድ ስርጉድ ውስጥ ግን ከወሰኑ ያለፈው በአብዛኛው የታጠፈው ጠርዝ ነው፤ የቀረው ሰፊ ክፍል የጎበጠው ጠርዙ ቆልፎ ስለያዘው ነው። ስለዚህ ጀማሪ መሃሉን ሲደበድብ፣ የበሰለ ባለሙያ ከጠርዙ ይጀምራል። መሃሉን መደብደብ ላሜራውን ያሳሳዋል፣ ያሰፋዋል፣ ያጠነክረዋልም።

የሰፋ ላሜራ ስፍራው ስለማይበቃው ሲጫኑት እየጮኸ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይዘላል። መድኃኒቱ እሳት ነው፤ ይህም በእኛ እምነት ከሙያው ሁሉ እጅግ ረቂቁ ነው። ብረት በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ ሙቀት ከሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይረዝማል። አንዲት ትንሽ ነጥብ እስክትቀላ፣ ማለትም ወደ 700 ዲግሪ እስክትደርስ ብትሞቅ፣ ከሺህ 8 እጅ ያህል ልትሰፋ ትሞክራለች። ዙሪያዋን የከበባት ቀዝቃዛ ብረት ግን አያሰፋትም። የሚፈቀድላት ከሺህ 1 እጅ ብቻ ስለሆነ፣ የተረፈው ወደ ውፍረት ይለወጣል። ባለሙያው በግለቷ ሳለች ከኋላ ደግፎ በቀስታ የሚመታት ወደ ጎን እንዳታብጥ ነው። ስትቀዘቅዝ ከቀድሞው ስለምታንስ ዙሪያዋን ወደ ራሷ ትስባለች።

ስቱኮን በተመለከተ፣ ለስላሳ ገጽ ለማውጣት በስሱ ቢቀባ ነውር የለበትም። ችግሩ ዝገት ላይ ሲለጠፍ ነው። ዝገት ከወጣበት ብረት ከእጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ስቱኮውን ከሥር ገፍቶ ያስነሣዋል። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በእንጦጦ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ጉሙም ብዙ ነው። ማለዳ ላይ ቀዝቃዛ ላሜራ ለዓይን የማይታይ እርጥበት ስለሚይዝ፣ ፀሐይ ሳያሞቀው የዝገት መከላከያ ቀለም መቀባት እርጥበቱን ከውስጥ መቅበር ነው። ከሁሉ የሚከፋው ከበሩ በታች ያለው ክፍል ሲበላ ነው። ላዳ የተለየ ሻሲ የላትም፤ ጭነቱንም ሆነ የግጭቱን ኃይል የሚሸከመው አካሏ ራሱ ነው። ስቱኮ ይህን ሊሸከም አይችልም። የዛገው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት።

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ይያዝ። የማግኔት ስበት በርቀት በፍጥነት ስለሚደክም፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስቱኮ በመካከል ከገባ ማግኔቱ በጉልህ ይላላል። መጀመሪያ ጣሪያውን ይሞክር፤ ብዙ ጊዜ ያልተነካ እርሱ ነው። ከዚያ ወደ በሮቹ ግርጌና ወደ ጎማዎቹ ዙሪያ ይውረድ።