የአይሶናያዚድ ጭራና «ተላመደ» የምትለዋ ቃል

«መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚለውን አባባል እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሳናስብ እንጽፈዋለን፤ እኔም ጽፌዋለሁ። የመድኃኒቱን ኬሚካላዊ ቅርጽ ሳነብ ግን ቃሉ አላረካኝም።

አይሶናያዚድን እንውሰድ። አምስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን ያሉት ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ላይ ሃይድራዛይድ የሚባል ጭራ ተንጠልጥሏል። ጭራው ከናይትሮጅኑ ትይዩ፣ አራተኛው ቦታ ላይ ሲሆን መድኃኒቱ ይሠራል። ወደ ሦስተኛው ወይም ወደ ሁለተኛው ቦታ ሲዛወር፣ አንድም አተም ሳይጎድል፣ ኃይሉ ክፉኛ ይወርዳል። ይኼ ነገር ሲገርመኝ ሰነበተ። ደግሞ እኮ ፕራግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1912 የተሠራ ሆኖ ሳለ ቲቢን መግደሉ የታወቀው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው!

ሌላው ጉድ፣ መድኃኒቱ ሲዋጥ ገና ገዳይ አይደለም። ካትጂ የሚባለው የባክቴሪያው የራሱ ኢንዛይም ጭራውን ቆርጦ ያነቃዋል። የቀረው ክፍል ኤንኤዲ ከተባለ ሞለኪውል ጋር ተጣብቆ ኢንሃ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ይዘጋል፤ ባክቴሪያው ሰም መሰል ግድግዳውን መሥራት ያቅተዋል። የካትጂ ጂን ከተበላሸ ግን መድኃኒቱ ሳይነቃ ይቀራል። እንዲህ ያለ ባክቴሪያ በብዙዎቹ መሐል በአጋጣሚ ይገኛል፤ ሰውየው አንድ መድኃኒት ብቻ ከወሰደ ሌሎቹ አልቀው እሱ ይራባል። መድኃኒቶቹ ተጣምረው የሚሰጡትም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ማን ምኑን ተላመደ? «መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ» ብንል ይሻላል ባይ ነኝ። እናቴ ዜናውን ሰምታ፣ መድኃኒቱን የለመደው የበሽተኛው ሰውነት ነው ብላ ነበር የተረዳችው።