ቀለም ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያድንም

በኬሚስትሪ ክፍል ሦስት ምስማሮች በሦስት የመስታወት ቱቦዎች ሲቀመጡ ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አንደኛው አየር እንጂ ውሃ በሌለበት፣ ሁለተኛው ውሃ እንጂ አየር በሌለበት፣ ሦስተኛው ሁለቱም ባሉበት ይቀመጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ የሚዝገው ሦስተኛው ብቻ ነው። እኔም ይህን በደብተሬ ጽፌ ፈተናውን አልፌ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ባለፈው ክረምት ከአባቴ አሮጌ ፒክ አፕ መኪና ሥር ተኝቼ ነው። ለጓደኞቼም ለወላጆችም ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ የሠራሁትንም የተሳሳትሁትንም እጽፋለሁ።

መኪናው በ1978 ዓ.ም. የተሠራ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ድንችና ገብስ፣ አንዳንድ ጊዜም ለከብት የሚሰጥ ጨው ሲያመላልስ ኖሯል። የዚህ ዓይነት መኪና ሞተሩም ጭነቱም የሚያርፈው ሻንሲ በሚባለው የብረት መሠረት ላይ ነው። ጨው የሟሟበት ውሃ ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ ዝገትን ያፋጥናል። እኛ ደግሞ ጨው ካራገፍን በኋላ መኪናውን በሚገባ አላጠብንም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነበረ።

በሰኔ መጨረሻ አባቴ መኪናውን ሊሸጡ ስላሰቡ፣ ቀለሙን እኔ እንድቀባው ለመንኋቸው። ከሾፌሩ እግር ሥር ያለው ወለል ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። በቀዳዳው ጨርቅና ስቱኮ ጠቀጠቅሁበት፤ ዝገቱን ከላይ ከላይ አሽቼ ነጭ ቀለም ለቀለቅሁበት። በ4 ቀን ውስጥ መኪናው እንደ ሙሽራ አማረ።

በሳምንቱ አንድ አዛውንት የዕቁብ ገንዘባቸውን ይዘው፣ ለልጃቸው መተዳደሪያ ሊገዙት መጡ። ዋጋው ሊቆረጥ ሲል አባቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ከቀለሙ ሥር ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ዝም ማለት ግን አልቻልሁም። «አባባ፣ ቀዳዳ አለ፤ በስቱኮ ደፍኜዋለሁ» አልሁ። አባቴ ካቻቢቴ አምጥተው ወለሉን ቢወጉት ዘልቆ ወጣ። አዛውንቱ «እንግዲያው በደኅና ሲታደስ ጥሩኝ» ብለው ሄዱ። አባቴ አልተቆጡኝም፤ «የእኚያ ሰው ልጅ እግር የሚያርፈው በዚህ ወለል ላይ ነበር» ብቻ አሉኝ። ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በቆርቆሮ ዳስ ሥር እንደ ገና ጀመርን። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

አንደኛ፤ ማጠብና መመርመር። መኪናውን በክሪክ አንሥተን በጠንካራ የእንጨት ጉማጆች ላይ አስቀመጥነው፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላልና። ጭቃውን በውሃና በሳሙና፣ ቅባቱን በቲነር በተነከረ ጨርቅ አስለቀቅን። ቅባት ያልወጣለት ብረት ቀለም አይዝም። ቀጥሎ ብረቱን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልን መታነው፤ ደኅናው ጥርት ያለ፣ የተበላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

ሁለተኛ፤ ዝገቱን እስከ ደኅናው ብረት ድረስ ማስወገድ። ዝገት ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው፤ ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከቀለም ሥር የቀረ ዝገት እያበጠ ቀለሙን ይገፋዋል፤ በተሰነጠቀውም በኩል ሌላ ውሃ ይገባል። በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሸነው። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖር ስለሚችል፣ አቧራው እንዳይቦን ቀለሙን በውሃ እያራስን አሸነው።

ሦስተኛ፤ ቀዳዳውን በብረት መድፈን። ሻንሲውም በአንድ ቦታ ተበልቶ ስለ ተገኘ ሙያተኛ በያጅ ወደ ግቢያችን ጠራን። ሻንሲ የሰው ሕይወት የሚሸከም ስለ ሆነ የጀማሪ እጅ መለማመጃ አይደለም። የተበላው ላሜራ ተቆርጦ ወጣና አዲስ ተበየደበት። ከብየዳ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ መነቀል፣ ቲነርና ነዳጅም ከአካባቢው መራቅ አለባቸው።

አራተኛ፤ ስቱኮና ዝገት መከላከያ። ስቱኮ የተሠራው ጎድጓዳን ለማስተካከል ነው፤ ውሃ ስለሚመጥ ቀዳዳ አይደፈንበትም። ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ያህል ማጠንከሪያ ይበቃል። ሲደርቅ በ180 ቁጥር ወረቀት ይስተካከላል። ከዚያ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። ብዙ ዚንክ ያለበት መከላከያ በባዶ ብረት ላይ ሲቀባ፣ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ስለሚበላ ብረቱን ይጠብቀዋል።

አምስተኛ፤ የላይኛው ቀለም። ይህን ዝናቡ እስኪያባራ እስከ መስከረም አቆየነው። መከላከያውን በ320 ቁጥር ወረቀት አለስልሰን፣ አቧራውን ጠርገን፣ ቀለሙን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት በስሱ ደጋግመን ረጨነው። አንድ ጊዜ ወፍራም ከመቀባት ሦስት ጊዜ ስስ መቀባት ይሻላል፤ ወፍራሙ ይንጠባጠባልና። የጨርቅ ጭምብል የቲነርን ትነት ስለማያግድ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። እሳትና ሲጋራም ፈጽሞ መቅረብ የለባቸውም።

እዚህም ላይ ተሳስቻለሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ጧት ብረቱ ጤዛ ይይዛል። እኔ ቸኩዬ የቀኝ በሩን ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ብረጨው ቀለሙ ደብዝዞ ቀረ። የቀረውን በ4 ሰዓት፣ ብረቱ ከደረቀ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ አቧራ ሳያመጣ ሠራነው።

በጥቅምት አዛውንቱን ጠራናቸው። አባቴ የወለሉን ምንጣፍ አንሥተው ካቻቢቴውን በእጃቸው ሰጧቸው፤ ሻንሲው መበየዱንም የበሩንም ጉድለት ነገሯቸው። አዛውንቱ ወለሉን ደጋግመው ወጉት፤ አልበሳ አላቸው። ዋጋው በሰኔ ሊቆረጥ ከነበረው አነሰ፤ አባቴም ተቀበሉ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ሳይገባው ሸምድዶ ፈተና የሚያልፍ ተማሪም ዝገቱን በቀለም እንደ ሸፈነ መኪና ነው። እኔ በምስማሩ ትምህርት እንዲሁ ነበርሁ። ዛሬ ያ መኪና ድንች ጭኖ በትምህርት ቤታችን በር ሲያልፍ አየዋለሁ፤ የቀኝ በሩ ደብዛዛ ነው፣ ወለሉ ግን ደኅና ነው።