በቆሎ የሚቆፍር ሽኮኮና የትንሽ ጠመንጃ ምርጫ

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በቆላማ አካባቢዎች በቆሎ በተዘራ ሰሞን ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። «ሽኮኮ ዘራችንን ከመሬት እያወጣ ጨረሰብን፤ ለማሳ ጠባቂያችን ምን ዓይነት ትንሽ ጠመንጃ እንግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጠመንጃ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ፈቃድ የሚያስፈልገው፣ ስሕተቱም የማይመለስ መሣሪያ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ የሽኮኮ መሆኑ እንዴት እንደሚጣራ፣ ቀጥሎ ጥፋቱ እንዴት እንደሚለካ፣ ከዚያም ያለ ጠመንጃ ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ በመጨረሻም ጠመንጃ የግድ ከሆነ የትኛው እንደሚመረጥ በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

2. አጥፊውን ለይቶ ማወቅ

ሽኮኮ የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ እንስሳት ሲሰጥ ይሰማል። አንደኛው በገደልና በድንጋይ ክምር ውስጥ የሚኖረው ጅራት አልባ እንስሳ ነው። ይህ ቅጠልና ሣር በል ስለሆነ የተዘራ በቆሎ ቆፍሮ አያወጣም። ሁለተኛው ረጅምና ጠጉራም ጅራት ያለው፣ መሬት ቆፍሮ የሚኖረው የመሬት ሽኮኮ ነው። ክብደቱ እንደ ዝርያው ከሩብ ኪሎ ግራም እስከ አንድ ኪሎ ግራም ይደርሳል። ዘር፣ ሥራ ሥር፣ ቅጠልና ነፍሳት ይበላል። የሚንቀሳቀሰው ቀን ብቻ ነው። ፀሐይ ስትሞቅ ከጉድጓዱ ይወጣል፣ ከመምሸቱ በፊት ይገባል። ማሳችንን የሚጎዳው ይህ ሁለተኛው ነው።

የቡቃያ መጥፋት ሁሉ ግን የሽኮኮ ሥራ አይደለም። የሚከተሉት ምልክቶች ለመለየት ይረዳሉ።

ሀ. በመስመሩ ላይ ዘሩ የነበረበት ቦታ ብቻ ተቆፍሮ፣ ገለባውና ጨቅላው ቡቃያ በአጠገቡ ወድቆ ከተገኘ ሽኮኮ ሊሆን ይችላል።
ለ. ቡቃያው ከአፈሩ ገጽ ላይ ተቆርጦ ከወደቀ፣ በአጠገቡ ያለው አፈር በጣት ይጫር። ብዙውን ጊዜ የተጠቀለለ ቆራጭ ትል ይገኛል።
ሐ. አፈሩ ሰፋ ብሎ ተጭሮ የእግር ዱካ ከታየበት የጅግራ ወይም የቆቅ ሥራ ነው።
መ. ጉዳቱ በሌሊት የሚደርስ ከሆነ ጃርት ወይም አይጥ ይጠረጠራል።

ቀንና ሌሊቱን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ሲመሽ በማሳው ዳር አሥር ሜትር ያህል የመስመር አፈር በቅጠል ተጠርጎ ይለሰልሳል። ጎሕ ሲቀድ ይታያል፤ ከዚያም እኩለ ቀን ላይ እንደገና ይታያል። ጎሕ ሲቀድ ተቆፍሮ የተገኘ ቦታ በሽኮኮ አይመካኝም።

3. ጥፋቱን መለካት

ገበሬው ከማሳው ዳር ቆሞ ሲያይ ጥፋቱ ከእውነተኛው ልክ የበዛ ይመስለዋል፤ ሽኮኮ በአብዛኛው የሚያጠቃው ለጉድጓዱ የሚቀርበውን የማሳ ዳር ነውና። ስለዚህ መቁጠር ያስፈልጋል።

በቆሎ በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ሲዘራ በአሥር ሜትር መስመር ውስጥ 40 ተክል፣ በሄክታር 53,333 ተክል ሊኖር ይገባል። የልማት ሠራተኛው በማሳው ዳር አምስት፣ በመካከሉ አምስት ቦታ መርጦ በእያንዳንዱ አሥር ሜትር ይቁጠር። ለምሳሌ በዳሩ በአማካይ 34 ተክል ብቻ ቢገኝ የጎደለው 6 ነው፤ ይህም 15 በመቶ ነው።

አንድ ሄክታር የሆነ አራት ማዕዘን ማሳ በእያንዳንዱ ጎኑ 100 ሜትር ነው እንበል። ጥፋቱ ከዳር እስከ አሥር ሜትር ድረስ ብቻ ከሆነ፣ የተጎዳው ስፋት 3,600 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከሄክታሩ 36 በመቶ ነው። የዚህ 15 በመቶ ሲሰላ ከጠቅላላው ማሳ 5.4 በመቶ፣ ወይም 2,880 ተክል ያህል ጠፍቷል ማለት ነው።

ይህን ለመተካት በየቦታው ሁለት ፍሬ ቢዘራ 5,760 ፍሬ ያስፈልጋል። የሺህ ፍሬ ክብደት 300 ግራም ነው ብንል ከሁለት ኪሎ ግራም ያነሰ ዘር ነው። እንግዲህ በዚህ ደረጃ ያለ ጥፋት በሁለት ኪሎ ዘርና በጥቂት ሰው የቀን ሥራ የሚጠገን ሲሆን ለዚህ ጠመንጃ መግዛት አያዋጣም። ነገር ግን መተካቱ ቡቃያው በታየ በአንድ ሳምንት ውስጥ መፈጸም አለበት። ከዚያ በኋላ የተተካው በቀደመው ጥላ ሥር ስለሚውል ጥሩ ዘለላ አይሰጥም።

4. ያለ ጠመንጃ ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

ሽኮኮ ዘሩን የሚፈልገው በውስጡ ያለው ምግብ በቡቃያው ተወስዶ እስኪያልቅ ነው። ስለዚህ በቆሎ ለሽኮኮ የሚጋለጥበት ጊዜ ከተዘራበት ቀን ጀምሮ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ነው። ጥረታችን ሁሉ በእነዚህ ቀናት ላይ መዋል ይኖርበታል።

ሀ. ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ይዝሩ። ብቻውን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የተዘራ ማሳ የአካባቢውን ሽኮኮ ሁሉ ይሰበስባል።
ለ. ዘሩ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይግባ፤ አፈሩም በእግር ጠቅ ተደርጎ ይጠቅጠቅ። በማሳው ላይ የተንጠባጠበ ፍሬ ይለቀም። የሽኮኮን አፍ የሚያስለምደው ይኸው ነው።
ሐ. በማሳው ዙሪያ ያለ ቁጥቋጦና የድንጋይ ክምር ከመዝራት በፊት ይመንጠር። ሽኮኮ መሸሸጊያ በሌለበት ገላጣ ቦታ ርቆ መሄድ አይደፍርም።
መ. ሽኮኮ ያለባቸውን ጉድጓዶች መለየት ይቻላል። ማታ የጉድጓዶቹ አፍ ሁሉ በአፈር ይደፈን። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ተከፍተው የተገኙት ብቻ የሚኖርባቸው ናቸው፤ ወጥመድም የሚጠመደው በእነዚህ አጠገብ ነው።
ሠ. ከሽቦ የተሠራ የሳጥን ወጥመድ በኦቾሎኒ ወይም በበቆሎ ፍሬ ይጠመድ። ጠዋት ተጠምዶ በቀን ሁለት ጊዜ ይታይ፤ ማታም ይዘጋ። የተያዘ እንስሳ በባዶ እጅ አይነካ።
ረ. ጥበቃው በማማ ላይ ሆኖ፣ በጅራፍና በወንጭፍ ይካሄድ። የሽኮኮ ሰዓት የቀን ሰዓት ስለሆነ አንድ ጠባቂ ሌሊቱን ማደር ሳያስፈልገው ብዙ ማሳ ሊጠብቅ ይችላል።

በዘር ላይ የነፍሳት መርዝ ለውሶ መበተን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ዶሮ፣ ውሻና ጥንብ አንሳ ይገድላል፤ ለሕፃናትም አደገኛ ነው። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው የአይጥ መርዝ በሆድ ውስጥ መርዛማ ጋዝ የሚፈጥር፣ ማርከሻ የሌለው መድኃኒት ስለሆነ ሥልጠና በሌለው ሰው እጅ መግባት የለበትም።

5. ጠመንጃ የግድ ሲሆን

ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ በአንድ ወቅት በተሟላ ሁኔታ ተሠርተው፣ ጥፋቱ ከማሳው ዳር አልፎ መካከሉን ሲይዝ፣ ወይም ኦቾሎኒ ሊነቀል በደረሰበት ጊዜ ሽኮኮ ሲበዛ ብቻ የጠመንጃ ጉዳይ ይነሣል። ከሁሉ በፊት ሕጉ መታየት አለበት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ አደንን በፈቃድ ወስኖታል። መሣሪያ መያዝ ማለት አደን ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ከሚመለከታቸው አካላት በጽሑፍ ይጠየቁ። ለአየር ጠመንጃም ቢሆን ሕግ አስከባሪው አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሀ. የጦር ጠመንጃ። ክላሽንኮቭ 8 ግራም ያህል የሚመዝን አረር በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። ለዚህ ትንሽ እንስሳ እጅግ የበዛ ኃይል ነው። አረሩ ሽኮኮውን ጥሶ ወይም ስቶት ሩቅ ይሄዳል። ምንሽርና መሰሎቹም እንዲሁ ናቸው። ማኅበሩ አስቀድሞ ያለው መሣሪያ ይህ ስለሆነ ብቻ ለዚህ ሥራ መጠቀም አይገባም።

ለ. ባለ ነጥብ 22 ጠመንጃ። የአፈሙዙ ስፋት 5.6 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው አረሩ 2.6 ግራም የሚመዝን እርሳስ ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ330 እስከ 380 ሜትር ይደርሳል። ጥይቱ ከሌሎቹ ርካሽ፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። እስከ 50 ሜትር ድረስ ለሽኮኮ በቂ ነው። ይሁን እንጂ «ትንሽ» መባሉ አያታልል፤ ወደ ላይ ተተኩሶ ከሳተ እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ድንጋይ፣ ውኃ ወይም የደረቀ መሬት ሲመታም ነጥሮ አቅጣጫውን ይቀይራል።

ሐ. ባለ ነጥብ 17 ጠመንጃ። እ.ኤ.አ. በ2002 ገበያ ላይ የዋለው ጥይቱ 1.1 ግራም የሆነ አረር በሰከንድ 775 ሜትር ያህል ይወነጭፋል። እስከ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አረሩ የመታው ላይ ስለሚበጣጠስ መንጠሩ ይቀንሳል። ጥይቱ ግን ከነጥብ 22 የተወደደ ነው።

መ. የአየር ጠመንጃ። 4.5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር የሆነ እርሳስ በታመቀ አየር ይወነጭፋል። ባሩድ የለውም። ከ25 እስከ 30 ሜትር ድረስ በጥንቃቄ ለሚያነጣጥር ሰው በቂ ነው። ሰውን ሊያቆስል፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላልና መጫወቻ አይደለም።

በእኛ አስተያየት ከማማ ሥር ሆኖ በቅርብ ለሚጠብቅ ሰው የአየር ጠመንጃው ይበልጣል። ርቀቱ እስከ 50 ሜትር ከሆነና መሬቱ ለስላሳ አፈር ከሆነ ነጥብ 22 ይመረጣል። ድንጋያማ በሆነ ማሳ ግን ነጥብ 22 መመረጥ የለበትም።

6. የጥንቃቄ ደንቦች

በአንድ የቆላ ማኅበር ውስጥ ጠባቂው በድንጋይ ካብ ላይ በተቀመጠ ሽኮኮ ላይ በነጥብ 22 ተኮሰ። ሽኮኮው አመለጠ። አረሩ ከካቡ ነጥሮ በጎረቤት ማሳ ላይ ሲያርስ የነበረ በሬ እግር ሰበረ። በሬው ታረደ፤ ገበሬው በእርሻ ወቅት ጥማዱ ጎደለበት። ከበሬው አርባ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ልጅ ፍየል ይጠብቅ ነበር። ማኅበሩ የበሬውን ካሣ ከፈለ፤ የልጁ ግን በምን ሊካስ ነበር? የሚከተሉት ደንቦች ይህን በማሰብ የተጻፉ ናቸው።

ሀ. ከዒላማው ኋላ አረር የሚያስቀር የአፈር ቁልል ወይም ዳገት ከሌለ አይተኮስ። በካብ፣ በዛፍና በአድማስ ላይ ባለ ሽኮኮ ላይ ፈጽሞ አይተኮስ።
ለ. ወደ መንደር፣ ወደ መንገድ፣ ከብት ወደሚውልበትና ወደ ውኃ መቅጃ አይተኮስ።
ሐ. የሚተኩሰው ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የሚተኮስበት ሰዓትም አስቀድሞ ለጎረቤት ይነገር።
መ. ጠባቂው በ50 ሜትር ርቀት በወረቀት ላይ ይፈተን። አምስት ጥይት በ3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ክብ ውስጥ ማስገባት ካልቻለ ርቀቱን ያሳጥር። አቁስሎ መልቀቅ ተገቢ አይደለም።
ሠ. ጠመንጃው ሥራ ሲያበቃ ጥይቱ ወጥቶ ይቆለፍበት፤ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፍ።
ረ. በእርሳስ የተገደለ ሽኮኮ ሜዳ ላይ አይጣል። ጭልፊትና ጥንብ አንሳ በእርሳሱ ይመረዛሉ። በግማሽ ሜትር ጥልቀት ይቀበር።

7. ማጠቃለያ

ማኅበራት ለጠመንጃ ገንዘብ ከመመደባቸው በፊት ሦስት ነገሮች በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍሩ እንመክራለን። አንደኛ፣ አጥፊው ሽኮኮ መሆኑ ቀንና ሌሊት ታይቶ መረጋገጡ፤ ሁለተኛ፣ ጥፋቱ በአሥር ቦታ ተቆጥሮ ከማሳው ስንት በመቶ እንደሆነ መታወቁ፤ ሦስተኛ፣ በቁጥር 4 የተዘረዘሩት እርምጃዎች ቢያንስ ለአንድ የዘር ወቅት መሠራታቸው። እነዚህ ሲሟሉ በብዙ ማሳዎች የሚያስፈልገው ጥቂት ኪሎ ዘር፣ የሦስት ሳምንት የቀን ጥበቃና ጅራፍ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ጠመንጃ ቢያስፈልግ፣ ከሽኮኮው ኋላ ማን እንዳለ ሳያይ የማይተኩስ ሰው መምረጥ የአፈሙዙን ስፋት ከመምረጥ ይቀድማል።