ከቸርኬው ጀምር

በጥር ወር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ላይ፣ ጣና ዳር ብትቆም የሠርግ አጀብ ሳያልፍህ አይቀርም። መኪኖቹ ታጥበው ያብረቀርቃሉ፤ ኮፈናቸው ላይ አበባ ተነጥፏል፤ የጥሩምባው ድምፅ ከዘንባባው ሥር ያስተጋባል። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን መኪናው አጠገብ አቁሞ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አንተ ዓይንህን ትንሽ ዝቅ አድርግና የፊት ጎማውን ቸርኬ ተመልከት። ጥቁር ነው። በዳዶዎቹ ዙሪያ ቡናማ ቅርፊት ተጋግሯል፤ ክፍተቶቹ ውስጥ ጣትህን ብታስገባ ጥላሸት ይዞ ይወጣል። ከላይ ሁሉም ነገር ሙሽራ፣ ከታች ግን የዓመት እድፍ!

ወዳጄ፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያ እድፍ ነው። ሁላችንም ሰው የሚያየውን እያጠብን የምንተወው አንድ ቦታ አለን። «አንድ ቀን አጸዳዋለሁ» እያልን ስናሳድረው ይከርማል፤ ሲከርም ያስፈራል፤ ሲያስፈራ ደግሞ ጭራሽ ዞር ብለን አናየውም። ደስ የሚለው ነገር የቆየ እድፍ ጉልበት አይፈልግም፤ ሥርዓት ይፈልጋል። ሥርዓቱን ደግሞ ከቸርኬ መማር ይቻላል።

መጀመሪያ እድፉን እንወቀው። የመንገድ ጭቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውሃ ይበቃው ነበር። ፍሬን በያዝክ ቁጥር የፍሬን ሸራው ዲስኩን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ በዚህ ጊዜ ከሁለቱም ደቃቅ ብናኝ ይረግፋል፤ ከብናኙም ብዙው ብረት ነው። እንደጋለ ቸርኬው ላይ ያርፍና ቀለሙን ነክሶ ይይዛል። ዝናብና ጤዛ ሲያገኘው ይዝጋል፤ ሲዝግ አያያዙ ይጠብቃል። በላዩ ላይ የክረምቱ ጭቃ፣ ከአስፋልት የሚፈናጠረው ሬንጅና ቅባት ይደራረቡበታል። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው፤ ይበልጥ የሚጠቁሩትም የፊት ቸርኬዎች የሆኑት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በል። ቸርኬህን ያጠቆረው በትክክለኛው ጊዜ መቆምህ ነው! ብስክሌት የሚነዳው ተማሪ ድንገት ሲታጠፍብህ ቆመሃል፤ ከፊትህ ያለው ባጃጅ ሳያመለክት ተሳፋሪ ሊያነሳ ሲቆም ቆመሃል፤ አህያ ስትሻገር ቆመሃል። እያንዳንዱ መቆም አደጋ አስቀርቶ ትንሽ ብናኝ ትቶ አልፏል። በኑሮም እንዲሁ ነው። የዋጥከው ቁጣ፣ ለልጆችህ ስትል የተውከው ምኞት፣ ለሰላም ብለህ ያለፍከው ንግግር፣ ሁሉም አድነውሃል፤ ሁሉም ግን ጥቂት ብናኝ ትተውብሃል። ስለዚህ በእድፉ አትፈር፤ የሥራ እድፍ ነው። ሠርቶ መቆሸሽ ነውር አይደለም፤ ቆሽሾ መክረም ነው የማያዋጣው።

አሁን እጅጌህን ሰብስብና ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፣ ከቸርኬው ጀምር። ብዙ ሰው ቦዲውን አሳምሮ ካጠበ በኋላ በተረፈችው ውሃ ቸርኬውን ያዳርሳል። ባለሙያው ግን የሚጀምረው ከቸርኬው ነው፤ ምክንያቱም የቸርኬው ጥቁር ውሃ ሲፈናጠር የታጠበውን ቦዲ መልሶ ያቆሽሻል። ባልዲውንና ስፖንጁንም ለየብቻ ያደርጋል፤ ከቸርኬው የወጣ የብረት ብናኝ ቦዲው ላይ ከታሸ ቀለም ይጭራል። ቀንህንም እንዲሁ ጀምር። በጣም የምትሸሸውን ሥራ በማለዳው ጉልበትህ ያዘው፤ ለማታው ድካም አታስተርፈው።

ሁለተኛ፣ አቀዝቅዝ። ከመንገድ እንደገባህ ውሃ አትድፋበት። በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ዲስኩ ሊጣመም ይችላል፤ ሳሙናውም ሥራውን ሳይሠራ ይደርቃል። መኪናውን ጥላ ሥር አቁመህ ጠብቅ፤ ከዚያ እጅህን አስጠግተህ ሙቀቱን ስማ፣ ካልጋለ ቀጥል። የቆየ ጠብ ለመፍታት በተናደድክበት ሰዓት ስልክ የምታነሳው ወዳጄ፣ ይህ ምክር ላንተም ነው።

ሦስተኛ፣ አርጥበህ ጠብቅ። ደረቁን ብናኝ በጨርቅ አትፈግፍግ፣ ይጭራል። በአየር ግፊትም አታብንነው፣ ወደ ሳንባህ ይገባል፤ በቀድሞ ዘመን የፍሬን ሸራዎች ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ ነበር። በውሃ አለቅልቀው፣ የመኪና ሳሙና ቀባውና ጥቂት ደቂቃ ተወው፤ እንዳይደርቅ ብቻ ተጠንቀቅ። ይህ መጠበቅ ስንፍና እንዳይመስልህ፤ አንተ ቆመህ ስታይ ሳሙናው ቅርፊቱ ሥር እየገባ የክንድህን ሥራ እያቃለለልህ ነው።

አራተኛ፣ ለሥራው የሚሆነውን መሣሪያ ያዝ። ለፊት ለፊቱ ለስላሳ ቡሩሽ፣ ለውስጡ እጀታው የረዘመ፣ ለዳዶዎቹ ጉድጓድ ያረጀ የጥርስ ቡሩሽ ይበቃል። የድስት ሽቦ ግን አይነካው! እድፉን በአንድ ጊዜ ያነሳልሃል፣ የቸርኬውን መከላከያ ቀለም ግን አብሮ ይልጠዋል፤ የተላጠ ቸርኬ ደግሞ ሁለተኛ ሲቆሽሽ ከመጀመሪያው የባሰ ይይዛል። ኃይለኛ አሲድም አልሙኒየሙን ያበላሻል። አሲድና በረኪናን ማቀላቀልማ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ከነጭራሹ አይታሰብ። ሳሙና ያልበገረው ቡናማ ነጠብጣብ ከቀረ፣ ለቸርኬ ተብሎ የተሠራ ብረት የሚያሟሟ ፈሳሽ አለ፤ ሲረጩት ብረቱን ያገኘበት ቦታ ላይ ሐምራዊ እየሆነ ይወርዳል። ጓንት አድርገህ፣ እንደ መመሪያው ተጠቀምበት። ራስህን ስታርምም የድስት ሽቦ አታንሳ። ራስን መስደብ ለአንድ ቀን ያስነሳ ይሆናል፤ ውስጥን ግን ይልጣል።

አምስተኛ፣ ድገም። አረፋውን ተከታተለው። በመጀመሪያው ዙር ጥቁር ሆኖ ይወርዳል። በሁለተኛው ግራጫ ይሆንና ቡናማ ጠርዝ ያበጃል። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ከዳዶው ሥር ቡሩሹን ስታዞር፣ ነጭ አረፋ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ባልዲውን የሚደፋው ጥቁሩን ውሃ ባየ ጊዜ ነው፤ «ይሄ አይለቅም» ብሎ። እንዴት አይለቅም? ውሃው የጠቆረው እኮ ስለለቀቀ ነው!

ስድስተኛ፣ አድርቅና ጠብቅ። በደንብ አለቅልቀህ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፤ የመኪና ሰም ካለህ ስስ አድርገህ ቀባው፤ የሚቀጥለው ብናኝ እንደ ልቡ አይነክስም። ሰሙ ዲስኩን እንዳይነካ ግን አደራ! ወደ መንገድ ከመውጣትህ በፊትም ቀስ ብለህ እየነዳህ ፍሬኑን ደጋግመህ ሞክረው፤ የረጠበ ፍሬን እስኪደርቅ ይሰንፋል።

ሥራው ሲያልቅ ቸርኬው ማብረቅረቅ ብቻ ሳይሆን መናገርም ይጀምራል። ግራና ቀኙን አወዳድር። አንዱ ከሌላው በጣም ከጠቆረ ፍሬኑ ለቅቆ መመለስ አቅቶት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በውስጥ በኩል እርጥብ ቅባት ካየህ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል ነገ አትበል፣ ዛሬውኑ መካኒክ ጥራ። ስንጥቅም፣ የላላ ዳዶም የሚታየው ከታጠበ በኋላ ነው። የባጃጅ ሾፌር ከሆንክ ደግሞ ፍሬንህ ታምቡር ስለሆነ ብናኙ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል፤ ከላይ ንጹሕ መምሰሉ አያታልልህ፣ ጊዜውን ጠብቀህ አስከፍተህ አሳየው። ማጽዳት ማለት ለካ ማየት መቻል ነው። ራስህንም ስታጸዳ የምታተርፈው ይህንን ነው፤ የቱ ጎንህ ብቻውን እንደሚሸከም ታያለህ።

አሁን ደግሞ ለእኛ ለሐይቁ ዳር ሰዎች የምትሆን አንድ ነገር ላንሳ። ያ ጥቁር ውሃ የት ገባ? መኪናን ሐይቁ ወይም ዓባይ ዳር አስጠግቶ ማጠብ ቀላል ይመስላል፤ ውሃው በነጻ ነው፣ እድፉም ወዲያው ከዓይን ይጠፋል። ግን አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ጣና ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ በጣም በጠለቀበት እንኳ ወደ 15 ሜትር ገደማ ነው። ቀረሶውና አምባዛው፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ የገዳማቱ ደሴቶች፣ ሁሉም በዚህ ውሃ ነው የሚኖሩት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። እምቦጭ የዚህን ሐይቅ ዳርቻ ሲወር በእጁ እየነቀለ የታገለው የአካባቢው ገበሬ ድካምም ገና አልተረሳም። እንግዲህ የእኛ ቸርኬ የሚጠራው ሐይቁ እየቆሸሸ ከሆነ ምኑን ጠራ? መኪናህን ከዳርቻው አርቅ፤ ፍሳሹን የሚያጠራቅም ላቫጆ ምረጥ፤ እቤት ከሆነም በልክ ቅዳ። ጭንቀቱን በሚስቱ፣ በልጁ፣ በሥራ ባልደረባው ላይ እያራገፈ «ቀለለኝ» የሚል ሰውም እድፉን ሐይቅ ውስጥ የደፋ ነው። የራስህን እድፍ በራስህ ባልዲ!

ከመታጠብ ደግሞ አለመክረም ይሻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትመጣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። የበሰለ ሾፌር በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው፤ ሞተሩ መኪናውን ይይዝለታል፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ ይነካዋል። ጀማሪው ፍሬን እንደረገጠ ይወርድና ታች ሲደርስ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። ዓለምም ወደዚህ ብልሃት እየሄደ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ይይዘውና ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፣ ሸራው ያርፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው ዩሮ 7 ደንብ ከፍሬን ለሚወጣው ብናኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ገደብ አበጅቶለታል። አንተም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽህን ቀይር። ወሩ ሳያልቅ ወጪህን አስላ፤ ፈተናው ሳይደርስ ደብተርህን ግለጥ፤ ቁጣው ሳይመጣ እረፍት ውሰድ።

አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህ ነው። የሳምንት ብናኝ ውሃና ስፖንጅ ይበቃዋል፤ የዓመቱ ግን ግማሽ ቀንህን ይወስዳል።

ባልዲና ስፖንጅ ይዘህ ኑሮ የጀመርክ የላቫጆ ልጅም፣ ይህ ጽሑፍ ያንተ ነው። ቦዲ ሁሉም ያጥባል። ባለመኪናው ተመልሶ የሚፈልግህ ጎንበስ ብለህ የዳዶውን ጉድጓድ በጥርስ ቡሩሽ ስታጸዳ ያየህ ቀን ነው።

አራቱንም ቸርኬ ዛሬ መጨረስ የለብህም። አንዱን ጨርስ። በልብህም ውስጥ ካሉት የከረሙ ጉዳዮች አንዱን ብቻ ምረጥ፦ ያልመለስከውን ብድር፣ ያቋረጥከውን ትምህርት፣ ያልጠየቅኸውን ይቅርታ። ነጭ አረፋ እስክታይ ከእሱ አትነሳ። አንድ ቸርኬ የጠራለት ሰው ሦስቱን እንደማይተዋቸው እኔ ዋስ ነኝ። በል ተነስ፣ ባልዲህን ሙላ!