መጠይቅ ከመበተንህ በፊት

ልጄ፣ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ባለሙያ ሆነህ መመደብህን ስሰማ ደስ አለኝ። የመጀመሪያ ሥራህ ለቀጣዩ ዕቅድ የኅብረተሰብ የዳሰሳ ጥናት ማካሄድ ነው ሲሉኝ ደግሞ ፈራሁልህ። ልብህ ቅን ነው፣ እጅህ ግን ይቸኩላል። እኔ እንዲህ ዓይነት ወንበር ላይ ተቀምጬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በዕድሜዬ ስንት መጠይቅ እንደበተንኩ አላስታውስም። መልሱን ሰጥቶኝ እኔ ዞር ብዬ ያላየሁትን ሰው ግን አልረሳውም። ስለዚህ አረፍ ብለህ አንብበው።

1. ልታደርግበት የማትችለውን ነገር አትጠይቅ። ጥያቄ ብድር ነው። አንድን አባወራ «ለልጅህ ትምህርት ምን ይሟላልህ?» ስትለው አንተ ቅጽ መሙላትህ ነው፣ እሱ ግን ቃል የተገባለት ይመስለዋል። በአንድ ቀበሌ «ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሠራላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። አልፈልግም የሚል ከየት ይመጣል? ሁሉም አዎ አሉ፣ እኔም በሪፖርቴ ላይ በኩራት ጻፍኩት። በዓመቱ ስመለስ ለግንባታው ብለው በሸክም ያመጡት ድንጋይ ሜዳው ላይ ተከምሮ ጠበቀኝ። በጀት አልነበረም፤ ስጠይቃቸውም አልነበረም። ክምሩ ዓመታት እዚያው ቆይቶ ሣር በቀለበት፣ እኔም በዚያ መንገድ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላ አዞር ነበር። ታውቃለህ፣ በ1994 ዓ.ም በጀት እስከ ወረዳ ድረስ ወርዷል፤ ነገር ግን ለትምህርት ከሚመደበው አብዛኛው የመምህራን ደመወዝ ነው፣ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንግዲህ መጀመሪያ እጅህ የሚደርስባቸውን ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍ፤ የመምህራን ምደባ፣ የፈረቃ ሰዓት፣ የትምህርት ቤት ድጎማው ምን ላይ ይዋል የሚለው፣ አዲስ ክፍል የቱ ጎጥ ይሠራ የሚለው። ጥያቄህ ከዚያ ወረቀት ይውጣ። ከዚያ ውጭ የሆነውን ከጠየቅህ ግን «ይህ በእኔ እጅ አይደለም፣ ለበላይ አቀርበዋለሁ» ብለህ አስቀድመህ ንገራቸው።

2. ጽሕፈት ቤትህ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሳታነብ ሰው ቤት አትሂድ። ትምህርት ቤቶች በማሻሻያ መርሃ ግብሩ ራሳቸውን ይገመግማሉ፤ መማር ማስተማሩን፣ የትምህርት አካባቢውን፣ አመራሩን፣ የኅብረተሰቡን ተሳትፎ። ኢንስፔክሽን ደግሞ በ26 መለኪያዎች አይቶ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ሮስተሩ አለ፣ የመገኘት መቆጣጠሪያው አለ። ይህ ሁሉ ቦክስ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ገበሬውን ከእርሻው አስነሥተህ «ትምህርት ቤቱ ውሃ አለው?» ብትለው ይታዘብሃል። ለአንተ እንኳ ባይነግርህ ለጎረቤቱ ይነግረዋል።

ወረቀቱ የማይነግርህ ነገር ግን አለ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። አገራችን ሕዝቧንና ቤቷን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ወዲህ የታሰበው ቆጠራ ተራዝሟል። «ለትምህርት የደረሱ ሕፃናት» ብለህ የምትጽፈው ቁጥር ከዚያ ተነሥቶ የተሰላ ትንበያ ነው። ሰው ወደ ከተማ ጎርፏል፣ አንዳንዱ ቀበሌ ባዶ ቀርቷል፣ አንዳንዱ እጥፍ ሆኗል። በሪፖርት ላይ የጥቅል ተሳትፎው ከ100 በላይ ሲወጣ አይተህ ስቀሃል አሉ። አትሳቅ። አንዱ ምክንያት ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች 1ኛ ክፍል መግባታቸው ነው፣ ሌላው ግን ያ አሮጌ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቤት ለቤት ከሄድህ አይቀር ሌላው ሁሉ ቢቀር አንድ ነገር ቁጠር፤ በየቤቱ ያሉትን የ4፣ የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች። የሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት የ1ኛ ክፍል ተማሪዎችህ እነሱ ናቸው። 150 ልጆች ይመጣሉ ካልህ፣ በአንድ ክፍል 50 በሚለው መለኪያ 3 ክፍልና 3 መምህር ያስፈልግሃል። ይህንን ማንም በአስተያየት አይነግርህም፤ የምታገኘው ቆጥረህ ነው።

3. መጠይቁን በተማሪ ቦርሳ አትላክ። ቀላል መንገድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ርዕሰ መምህሩ ያከፋፍላል፣ በሳምንቱ ተሰብስቦ ይመጣልሃል። የሚደርሰው ግን ልጁን ለላከ ወላጅ ብቻ ነው። አንተ የምትፈልገው ልጁን ያልላከውን ነው። ከብት የሚጠብቀው ልጅ ቦርሳ የለውም። ከተማ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ ወላጇ ሩቅ ነው፣ አሠሪዋ ደግሞ ወላጅ ነኝ ብሎ ቅጽ አይሞላም። ናሙና ስትወስድም መኪናው የሚቆምበት መንገድ ዳር ያሉትን ቤቶች ብቻ አታንኳኳ። ሾፌሩ «እዚህ ይበቃናል» ይልሃል፣ ጫማህም ከእሱ ጋር ይስማማል። ከዳገቱ በላይ ያሉት ቤቶች ዕጣ ከወጣላቸው ዳገቱን ውጣ።

4. ሰው በሚናገርበት ቋንቋ ጠይቅ። «በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል ጥያቄ ከ«በጣም ረክቻለሁ» እስከ «በጣም አልረካሁም» ባሉ አምስት ሣጥኖች ይዤ ወጥቼ ነበር። አንዲት እናት ጥያቄውን ሰምተው ዝም አሉና «ተመስገን» አሉ። ደገምኩላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ይባላል ልጄ» አሉ። ተመስገን የትኛው ሣጥን ይገባል? መረጃ ሰብሳቢዎቼ ሁሉ የመጀመሪያው ላይ ምልክት አደረጉ፣ ወረዳው በሙሉ በጣም የረካ ሆኖ ወጣ። ሴትዮዋ ተመስገን ያሉት ግን በሽታም ችግርም ሲጠየቁ የሚሉትን ነው። የአገራችን ሰው እንግዳን አያሳፍርም፤ እሺ ይበልጣል ከሺህ ብሎ ያደገ ነው። ስለዚህ ስሜቱን ሳይሆን ትናንትን ጠይቀው። «ልጅህ ትናንት ትምህርት ቤት ሄዷል? ምነው ቀረ? ስንት ሰዓት ተነሥቶ ወጣ?» ኪሎ ሜትርም አትጠይቅ። «ቅርብ ነው፣ እዚህ ጋ ነው» ይልሃል። ስንት ሰዓት ይነሣል ስትለው ግን «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ይልሃል፣ ርቀቱን ያን ጊዜ ትረዳዋለህ። መስከረም ላይ የትኛውን ወንዝ እንደሚሻገርም ጠይቅ። በካርታ ላይ ቅርብ የሆነው ትምህርት ቤት ወንዙ ሲሞላ ሩቅ ነው።

ስለ ቋንቋ ካነሣሁ አይቀር፣ አሜሪካ ያለችው ልጄ የልጆቿ ትምህርት ቤት ለወላጆች የላከውን መጠይቅ በአማርኛ አንብባልኝ ነበር። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 እንደ እነሱ አቆጣጠር የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፣ በዚያም አካባቢ ያሉ የትምህርት አስተዳደሮች ለወላጆች በአማርኛ ይጽፋሉ። ሐሳቡ ወርቅ ነው። የእሷ መጠይቅ ግን ቃል በቃል ተገልብጦ ስለነበር ሁለታችንም አልገባንም፤ በእንግሊዝኛ ሞልታ ላከችው። አንተም በክልሉ ቢሮ ጽሑፍ የተጻፈን ጥያቄ ገበሬ ፊት ስታነብ እንደዚያው ነህ። መጀመሪያ ለአክስትህ አንብብላት። «ምን አልክ?» ካለችህ አርመው።

5. በአንድ ጥያቄ ሁለት ነገር አትጠይቅ። «የመምህራኑ ትጋትና የመጻሕፍቱ አቅርቦት በቂ ነው?» ላልከው አዎ ቢልህ የቱን ነው?

6. ጊዜውን እወቅ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅድህ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ለውይይት መቅረብ አለበት። ሰኔ ላይ የተሰበሰበ መልስ ለዚያ ዓመት ከንቱ ነው፤ የሚያገለግለው ለሪፖርት ማድመቂያ ብቻ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው፣ አትድረስበት። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ጥርና የካቲት፣ ሰው ጊዜም ልብም አለው። ቀኑንም ምረጥ። በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም በሰንበቴው ሰው ታገኛለህ፤ በገበያ ቀን ግን ቤት ያለው ሕፃንና ሽማግሌ ብቻ ነው።

7. ርዕሰ መምህሩንም ሊቀ መንበሩንም ጎንህ አቁመህ አትጠይቅ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል የኖረበት አገር ነው። የቀበሌ ሰው እየሰማ «መምህሩ ይቀራል» የሚል ወላጅ ነገ ማዳበሪያ ሲሰለፍ ያስባል። ግብር ሊጨመር ነው፣ መሬት ሊለካ ነው ብሎም ይጠረጥራል፤ ቤተሰብ ብዛት ስትጠይቅ ደግሞ ይብሳል። ስምህን፣ የመጣህበትን ጉዳይና መልሱ የት እንደሚሄድ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገረው፣ ስሙን አትጻፍ። ከሴቶቹ ጋር ሴት መረጃ ሰብሳቢ ላክ። ቡና ከተፈላ ደግሞ አትቸኩል፣ ቅጹንም ጉልበትህ ላይ አታስቀምጥ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ቡናም ከብቅል አያንስም። እውነተኛው መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቅጹ ተዘግቶ ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ነው። ከዚያ ቤት እንደወጣህ ደብተርህ ላይ ጻፈው።

8. የተሞላውን ቅጽ በዓይንህ እይ። አንድ ጊዜ 40 ቅጽ መጣልኝ፣ ሁሉም በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ አንዱም አልተጨማደደም፣ አንዱም ላይ አቧራ የለም። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለው ሞልተውት ውሎ አበላቸውን ተቀብለዋል። ዛሬ በታብሌት ነው ትለኛለህ። ታብሌቱም ዋርካ ሥር ይሠራል። ከአሥሩ አንዱን ቤት አንተው ተመልሰህ አንኳኳ።

9. ብዙ ሰው ያለውን ብቻ አትስማ። ኤክሴሉ ላይ 200 ሰው «መማሪያ ክፍል ይጨመር» ብሎ 3 ሰው «የሽንት ቤት በር» ቢል ዓይንህ 200ው ላይ ይቀራል። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሦስቱ እናቶች ነበሩ፣ «ሌላ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ተጽፎላቸው አለፈ። በዓመቱ ከ7ኛ እና ከ8ኛ ክፍል ሴቶቹ ለምን እንደሚያቋርጡ ልናጣራ ሄድን። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ አልነበረውም፤ ከውስጥ ድንጋይ አስደግፈው ነበር የሚገቡት፣ የወር አበባቸው ሲመጣ ግን ቤት ይቀራሉ። መቀርቀሪያው ከገበያ የሚገዛ ተራ ብረት ነው። ክፍል እንጨምር ብለን ስንሟገት በከረምንበት ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ለሻይ ያወጣው ገንዘብ ይበቃው ነበር። ከዚያ ወዲህ «ሌላ» የሚለውን ሣጥን የማነበው ከሁሉ በፊት ነው። አንተም እንዲሁ አድርግ፣ በራስህ ዓይን፣ ለጸሐፊ ሳትሰጥ።

10. ውጤቱን ለጠየቅኸው ሰው መልሰህ ንገረው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ የሚያደርገው ግን አላየሁም፤ እኔም ብዙ ጊዜ አላደረግሁም። ሪፖርቱን ለዞን ልከህ፣ ለክልል ልከህ፣ አንድ ቅጂ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠህ ጨርሻለሁ ካልህ ታጥቦ ጭቃ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው ሰው ያንኑ ተመስገን ይልሃል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ላይ ቁም፣ ሦስት ነገር ብቻ ተናገር፤ ይህን ብላችኋል፣ ይህን እናደርጋለን፣ ይህን አንችልም፣ ያልቻልነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛውን ስትናገር ድምፅህን አታሳንስ። በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ አንድ ትምህርት ቤት ላይ ይህን ሞከርኩት። የጠዋቱ ፈረቃ በግማሽ ሰዓት እንዲዘገይ ወላጆች ጠይቀው ነበር፣ ዘገየ። አዲስ ክፍል ጠይቀው ነበር፣ አይቻልም አልኳቸው፣ ሒሳቡንም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። ተቆጡኝ። አንድ ሽማግሌ ግን ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አንተ መጀመሪያ የመለስክልን ነህ» አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ረቂቅ መጠይቅህ 62 ጥያቄ እንዳለው ሰምቻለሁ። ከ20 በታች አድርገህ ቅዳሜ ይዘኸው ና፤ አክስትህ ቡና ታፈላለች፣ እሷው ላይ እንሞክረዋለን።