ለገጠር መንገድ የሚሠራ ኦቶሞቢል ጕዞው ስለሚለሰልስበት ሥርዓት የተጻፈ ትምህርት

ቀድሞ አባቶቻችን ሩቅ አገር ሲሄዱ ሰጋር በቅሎ ይመርጡ የነበረው ለክብር ብቻ አይደለም፤ የበቅሎዋ አካሄድ ልስልስ ስለ ሆነ የተቀማጩን ወገብ አያደክምምና ነው። ያችንም ሰጋር በቅሎ ቢሆን ያለ መደላድል አይጭኗትም ነበር፤ መደላድሉ የሳሳ እንደ ሆነ ተቀማጩ ይጎዳል፥ የበቅሎዋም ጀርባ ይገጠባል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. የእርሻ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመትም የመጀመሪያው ኦቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ የበቅሎን ሥራ በብዙው መንገድ ኦቶሞቢል ወርሶታል፤ የመደላድሉን ሥራ ደግሞ የወረሰው በኦቶሞቢሉ አካልና በጎማው መካከል የተቀመጠው ባሌስትራ ነው።

ስለዚህ አገር የምታስተዳድሩ፥ ወረዳ የምትጠብቁና ሰፊ እርሻ የምታሳርሱ ሁሉ፥ ኦቶሞቢላችሁ በፒስታ መንገድ ላይ ሲያንገላታችሁ ነገሩን እንደ ትንሽ አትመልከቱት። የሰው ገላ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን ንቅናቄ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አይታገሥም፤ ዘወትር የሚንገላታ ሾፌርም የወገብ ሕመም ያገኘዋል። እንቍላል ይሰበራል፥ የችግኝ ሥር ከአፈሩ ይለቃል፥ ወደ ሐኪም ቤት የሚወሰድ በሽተኛም ሥቃዩ ይበዛበታል። ነገር ግን ልስላሴን በችኰላ የፈለገ ሰው ከመንገላታቱ የባሰ ጉዳት ያገኛል።

ይህን የምጽፈው ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ያደረገውን በዓይኔ ስላየሁ ነው። ኦቶሞቢሉ በስተኋላው ዕቃ መጫኛ ያለው ነበር፤ ባዶውን ሲሄድ ይነጥራል። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ወገባቸውን ቢያማቸው መካኒክ አስጠርተው ከኋላው ባሌስትራ 8 ዝርግ ብረቶች 3ቱን አስወጡ። ሁለት ሳምንት ያህል ሁሉም መካኒኩን አመሰገነ። ሰኔ በገባ ጊዜ ግን በዚያው ኦቶሞቢል 10 ኩንታል ዘር ተጫነበት፤ ከዘሩም በላይ ሰዎች ተሳፈሩ። ወንዝ መሻገሪያ ላይ ሲደርስ ዋናው ብረት ተሰበረ፤ አክስሉ ወደ ጎን ዞሮ ኦቶሞቢሉ በመሻገሪያው ላይ ቀረ። ከተሳፋሪዎቹ የአንዱ እጅ ተሰበረ፤ የዘሩም እኩሌታ ረጠበ፤ ገበሬዎቹም ዝናቡ እያለፈባቸው 9 ቀን ዘር ጠበቁ። ጥፋቱ የመካኒኩ አልነበረም፤ የባዶውን ጕዞ አስቦ የሙሉውን ሸክም የረሳ የትእዛዝ ጥፋት ነበረ።

የነገሩ ምክንያት በቍጥር ሲገለጥ እንዲህ ነው። ከኋላው አክስል ትክክል በላይ 2 ኩንታል ተጭኖ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለው ርቀት ከመጫኑ በፊትና በኋላ ይለካ። ርቀቱ በ2 ሳንቲ ሜትር ቢያንስ፥ ባሌስትራዎቹ ለ1 ኩንታል 1 ሳንቲ ሜትር ይታጠፋሉ ማለት ነው። እንግዲህ ኦቶሞቢሉ ባዶ ሳለ እነዚህ ባሌስትራዎች 4 ኩንታል ቢሸከሙ 4 ሳንቲ ሜትር ይታጠፋሉ፤ ዕቃ ተጭኖ 9 ኩንታል ሲሸከሙ ግን 9 ሳንቲ ሜትር ይታጠፋሉ። በራሱ ተባዝቶ 4 የሚሆነው 2 ነው፤ 9 የሚሆነውም 3 ነው። 300ን በዚህ ቍጥር ማካፈል ኦቶሞቢሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነጥር በግምት ያስታውቃል። ስለዚህ ባዶው 150 ጊዜ፥ የተጫነው ግን 100 ጊዜ ይነጥራል። ለሰው የሚመቸው ከ60 እስከ 90 ያለው ነው። ከዚህም ባሌስትራው ያው ሳለ ባዶው ኦቶሞቢል ሻካራ፥ የተጫነው ግን ልስልስ የሚሆንበት ምክንያት ይታወቃል። የባሌስትራው ጥንካሬ ጉድለት ሳይሆን ለሸክም የተሰጠ ኃይል ነው። ውፍረታቸው እኩል ከሆኑ 8 ብረቶች 3ቱ ቢወጡ፥ በቀሩት በያንዳንዳቸው ላይ የሚያርፈው ጭነት ከቀድሞው ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል።

እንግዲህ ልስላሴን የሚሻ ሰው ዋጋው ከሚያንሰው ጀምሮ በተራ ይሂድ።

1ኛ፤ ጎማ። የመጀመሪያው መደላድል በጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ነው። ለአስፋልት 36 ፓውንድ የሚነፋ ጎማ፥ ኦቶሞቢሉ ባዶ ሆኖ በፒስታ ላይ በዝግታ ሲሄድ እስከ 28 ቢወርድ የድንጋዩን ምት ይቀንሳል። ነገር ግን ሸክም ሲጫን ወይም አስፋልት ላይ ሲወጣ ነፋሱ ይመለስ፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ይግላልና ይፈነዳል። ልኩም ጎማው ሳይግል በማለዳ ይታይ።

2ኛ፤ ዝገትና ጭቃ። የባሌስትራው ብረቶች አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት አለባቸው። በመካከላቸው ጭቃና ዝገት የገባ እንደ ሆነ ተጣብቀው እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይሆናሉ። የብረት ውፍረት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናልና መጣበቃቸው ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በክረምት ማለቂያ ባሌስትራው ወርዶ ይታጠብ፥ ዝገቱ በብረት ብሩሽ ይፋቅ፥ በስሱም ግራሶ ይቀባ። ያለቀ ቦኮላ ይለወጥ፤ ከጎማ የተሠራውን ቦኮላ ግን ግራሶ ያበሰብሰዋልና አይነካው። ብዙ ጊዜ ይህ ሥራ ብቻውን ይበቃል።

3ኛ፤ ሾክ አብዞርበር። ይህ ዕቃ ሸክም አይሸከምም፤ በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ የንጥረቱን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርደዋል። የኦቶሞቢሉን አንድ ማዕዘን በኃይል ተጭኖ መልቀቅ መመርመሪያ ነው፤ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ቢረጋ ደኅና ነው፥ ደጋግሞ ቢነጥር ሾኩ ሞቷል። ዘይት ያፈሰሰውም እንዲሁ ነው። ሲለወጥ የግራና የቀኙ አብሮ ይለወጥ።

4ኛ፤ አቀማመጥ። ከኋላው ጎማ በስተኋላ የተቀመጠ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይነጥራል፤ በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል የተቀመጠ ግን ያርፋል። ስለዚህ በሽተኛ፥ ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ በመካከል ይቀመጡ፤ እንቍላልና ችግኝም እንዲሁ። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ይታሰር።

5ኛ፤ ባሌስትራውን መለወጥ። ይህ የመጨረሻው ነው፤ የሚፈቀደውም ኦቶሞቢሉ ሰው ብቻ እንዲያመላልስ፥ ከባድ ጭነትም እንዳይጫንበት የተወሰነ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ላንድ ሮቨር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ሲወጣ አራቱም ጎማዎች በባሌስትራ ላይ ነበሩ፤ በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር ግን በጥቅል ሞላ ተሠራ፤ በ1983ም ላንድ ሮቨር ራሱ ወደ ሞላ ዞረ። በባሌስትራ መቆየት የሚወድ ደግሞ መካከሉ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ፥ ቍጥሩም ጥቂት የሆነ ብረት አለለት፤ ብረቶቹ በጫፋቸውና በመካከላቸው ብቻ ስለሚነካኩ መፋተጉ ይቀንሳል። ከነባሩ ባሌስትራ ብረት እየመዘዙ መጣል ግን ፈጽሞ አይገባም። አዲሱም ሲገባ የግራና የቀኙ እኩል ይሁን፥ አዲሱ የሸክም ልክ በበሩ ላይ ይጻፍ፥ ፍሬኑና የፊት መብራቱም እንደ ገና ይስተካከል። የለሰለሰ ኦቶሞቢል በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን አብዝቶ ያዘነብላልና ሾፌሩ ፍጥነቱን ይቀንስ።

ይህ ሁሉ እንዲጸና በየመሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዱ ኦቶሞቢል መዝገብ ይኑር፤ የጎማው ነፋስ፥ ባሌስትራው የተጠረገበት ቀን፥ ሾኩ የተለወጠበት ቀንና የሸክሙ ልክ ይጻፍበት። አለቃውም ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ይህ ኦቶሞቢል ዛሬ እኔን ቢወስድ ነገ ማንንና ምንን ይወስዳል ብሎ ይጠይቅ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ግን በኦቶሞቢል የሚጫን ነውና፥ መደላድሉን በልክ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።